ዲስኩን ይሠራል፣ ሲያቅተው ግን አይናገርም፦ ከፍተኛ ጥራት ያለው ኦዲዮ ዲስክ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር ግምገማ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። ይህ ፕሮግራም ሥራውን ያውቃል። የሚስማማውን ፋይል ከሰጣችሁት የሚሠራ ዲስክ ያወጣል። ጣጣው ሲያቅተው ነው። ምን እንዳቃተው አይናገርም። «ያልታወቀ ስህተት» ይልና ይዘጋል። አንዳንዴ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያደርጋል፤ የድምፁን ጥራት ዝም ብሎ ይቀንስና «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላችኋል።

ስሙን አልጠራም። የእኔ ቅጂ የቆየ ነው፤ አሁን አስተካክለውት ሊሆን ይችላል። ደግሞ በዚህ መስክ የሞከርኳቸው ሌሎች ፕሮግራሞችም ጠባያቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ለየትኛውም ይጠቅማል።

«አንተ ደግሞ፣ በዚህ ዘመን ዲስክ? ፍላሽ ላይ አትጭነውም እንዴ?» ይለኛል አንድ ጓደኛዬ። እውነቱን ነው፣ ፍላሽ ይቀላል። ግን ቤቴ ያለው ማጫወቻ ድምፁ ግሩም ነው፤ የፍላሽ መሰኪያ የለውም። በትርፍ ሰዓቴ መዘምራን እቀዳለሁ፣ የሸክላ ሙዚቃም ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ያንን ዲስክ ላይ አድርጌ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ቁጭ ብዬ መስማት ደስ ይለኛል። ምክንያቴ ይኸው ነው።

ለአዲስ ሰው ትንሽ ላብራራ። ዲጂታል ድምፅ በተከታታይ የተለካ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ልክ ናሙና ይባላል። ኪሎኸርዙ በሰከንድ ስንት ሺህ ናሙና እንዳለ፣ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ናሙና ምን ያህል በዝርዝር እንደተጻፈ ይናገራል። ተራው ሲዲ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነው። ዲቪዲ-ኦዲዮ የሚባለው ዓይነት መስፈርቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን በስቴሪዮ እስከ 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ይሄዳል። ገበያው ላይ ብዙም አልዘለቀም። በዚያው ዓመት የመጣው ተፎካካሪው ኤስኤሲዲ (ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ) ደግሞ ቤት ውስጥ ባለ ድራይቭ ጨርሶ አይጻፍም። ዲቪዲ-ኦዲዮ ግን ተራ ባዶ ዲቪዲ ላይ ይጻፋል። ለእኛ ለቤት ሠሪዎች እስካሁን የሚያገለግለውም ለዚህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ተራ የፊልም ዲቪዲ ራሱ ያልታመቀ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ መያዝ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ልዩ ማጫወቻ አይፈልግም። በአንድ ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ ሁለት ሰዓት አካባቢ ሙዚቃ ይይዛል። ይህንን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። ፋይሎቹን ጎትታችሁ ትጥላላችሁ፣ ቅደም ተከተል ትሰጣላችሁ፣ «በርን» ትላላችሁ። መስኮቱ የድሮ ነው፤ ፊደሎቹም ደቃቅ ናቸው። ይህ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ፋይል አልቀበልም ሲል ነው። የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «የማይደገፍ ቅርጸት»። ፋይሉ 24 ቢት ነው፣ 96 ኪሎኸርዝ ነው፣ የተለመደው ያልታመቀ የድምፅ ፋይል፣ ዌቭ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የማይደገፈው?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሄደሩ ላይ ነው። ዌቭ ፋይል ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ስለራሱ የሚናገር አጭር መረጃ ይይዛል። የድሮው ሄደር አጭርና ቀላል ነው። አዲሱ ደግሞ ለ24 ቢትና ለብዙ ቻናል ተብሎ የተዘረጋ ነው። አሮጌ ፕሮግራሞች አዲሱን አያውቁትም። ድምፁ አንድ ነው፣ መግቢያው ብቻ ይለያያል። እንደ ሶክስ ያሉ፣ በትእዛዝ የሚሠሩ የድምፅ መቀየሪያ ፕሮግራሞች 24 ቢት ሲጽፉ አዲሱን ሄደር ነው የሚጠቀሙት። ሶክስ ላይ የፋይሉን ዓይነት «ዌቭፒሲኤም» ብላችሁ ስትሰጡት አሮጌውን ይጽፍላችኋል። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ከፍቶ 24 ቢት ዌቭ አድርጎ እንደገና ቢያወጣው ይበቃል። 32 ቢት ፍሎት ሆኖ የተቀመጠ ፋይልም እንዲሁ አይገባለትም፤ ወደ 24 መውረድ አለበት። ይህን ሁሉ ፕሮግራሙ በአንድ መስመር ሊነግረን ይችል ነበር።

ሁለተኛው ነገር የፋይል ስም ነው። ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። ስሙ በአማርኛ ፊደል ከሆነ ፕሮግራሙ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የሚያየው። ከዚያ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። ፋይሉ ፊቱ ላይ ተቀምጦ! የድሮ ፕሮግራሞች የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚያቅፈውን ዩኒኮድ ስለማያውቁ ነው። የፋይሉን ስም ብቻ ሳይሆን ያለበትን ፎልደር ስምም በላቲን ፊደል ማድረግ ያስፈልጋል። የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ስም በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ አይሠራም። እኔ ለዚሁ ሥራ ብቻ ከዋናው ድራይቭ ሥር አጭር ስም ያለው ፎልደር ከፍቻለሁ።

መጠንም አለ። የዌቭ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ መሆን አይችልም። መጠኑ የሚጻፍበት ቦታ 32 ቢት ስለሆነ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ከ2 ጊጋባይት ሲያልፍ ይወድቃል፣ ይኼኛውም እንደዚያው ነው። 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ላይ 2 ጊጋባይት ማለት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ሙሉ ዝግጅት ሳይቆረጥ ቢገባ መሃል ላይ ይዘጋል። አስቀድሞ ወደ ትራክ መቆራረጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። አንድ ቀን የመዘምራን ቅጂ ዲስክ ላይ አድርጌ ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩ። የወጣው ድምፅ አንቴናው የተነቀለ ቴሌቪዥን ነው። ሽሽሽ ብቻ፣ ያውም በሙሉ ኃይሉ። ይህ ለስፒከር አደገኛ ነው፤ አዲስ ዲስክ ስትሞክሩ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ፕሮግራሙ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብሎኝ ነበር።

የኩባንያውን የደንበኛ ድጋፍ ጠየቅኩ። መልሱ፦ «ፕሮግራሙን አራግፈው እንደገና ይጫኑ፤ የተሻለ ባዶ ዲስክ ይጠቀሙ»። የትኛው ዲስክ ነው ሙዚቃን ወደ ሽሽሽ የሚቀይረው? መጥፎ ዲስክ ድምፁን ይቆራርጣል፣ ይዘልላል፣ ወይም ጨርሶ አይነበብም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሆነ ጫጫታ ግን የቁጥር አቀማመጥ ስህተት ነው። ዳግም መጫን አይፈታውም።

ምክንያቱን ላስረዳ፣ ደስ የሚል ነገር ስላለው። ባለ 24 ቢት ድምፅ እያንዳንዱ ናሙና ሦስት ባይት ነው። ዌቭ ዝቅተኛውን ባይት ያስቀድማል። ዲቪዲ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከፍተኛውን ያስቀድማል። በዚያ ላይ ዲቪዲ የጥቂት ናሙናዎችን የላይኛውን 16 ቢት አንድ ላይ ይደረድርና የታችኛውን 8 ቢት ሰብስቦ ከኋላ ያስከትላል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ማገላበጥ አለበት። ከየት እንደሚጀምር በአንድ ባይት ከተሳሳተ ሁሉም ይዛባል። ከፍተኛው ዝቅተኛ ይሆናል፣ ሙዚቃውም ሽሽሽ።

በአንድ ባይት የሚሳሳተው ለምንድነው? ዞሮ ዞሮ ሄደሩ ነው። የሜዳ ላይ መቅጃ መሣሪያዎች ዌቭ ውስጥ ተጨማሪ መረጃ ይጨምራሉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የመሣሪያው ስም። አሮጌ ፕሮግራም ግን ድምፁ ሁሌም ከ44 ባይት በኋላ ይጀምራል ብሎ ያምናል። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን እንደ ድምፅ ያነበዋል። 16 ቢት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ብቻ ትፈጥራለች። 24 ቢት ላይ ግን ተጨማሪው መረጃ ለሦስት ካልተካፈለ የፋይሉ አሰላለፍ በሙሉ ይናጋል። የሸክላ ቅጂዎቼ ደህና ሆነው የመዘምራኑ ብቻ የተበላሹት ለዚህ ነው፤ ሸክላውን የምቀዳው በኮምፒውተሩ፣ መዘምራኑን በእጅ መቅጃ ነው። መፍትሔው አሁንም በኦዳሲቲ ከፍቶ፣ ተጨማሪ መረጃውን ባዶ አድርጎ ማውጣት ነው። ከዚያ ወዲህ ሽሽሽ አልሰማሁም።

ሽሽሽ ቢያንስ ይሰማል። ዝምተኛው ጥፋት ይብሳል። የፊልም ዲቪዲ ዓይነት የሚቀበለው 48 እና 96 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። ዲቪዲ-ኦዲዮ ግን 44.1፣ 88.2 እና 176.4ንም ይቀበላል። በዚህ ፕሮግራም ሁለቱንም የያዘ ዲስክ እንዲሠራ ስታዙት ባለ 88.2 ፋይል ካገኘ ለፊልም ዲቪዲው ክፍል ወደ 48 ያወርደዋል። አያስጠነቅቅም። ምርጫም አይሰጥም። ተራ ማጫወቻ ያለው ሰው «ከፍተኛ ጥራት» ብሎ የሚሰማው ከሲዲ ብዙም ያልራቀ ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን የያዝኩት በስፔክ ነው። ስፔክ ነፃ ነው፣ ፋይል ስትጥሉበት የድምፁን ሥዕል ያወጣል። ሥዕሉ ላይ የሚታየው የድምፁ ቅጥነት እስከ ፋይሉ ኪሎኸርዝ ግማሽ ድረስ ይሄዳል፤ ባለ 88.2 ፋይል እስከ 44.1 ድረስ ቦታ አለው። ሸክላ ሲቀዳ ከ24 በላይ ትንሽም ቢሆን ጉርምርምታ ይታያል። ከዲስኩ መልሼ ያወጣሁት ግን የ48 ግማሽ በሆነው 24 ላይ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። በነገራችን ላይ «ሃይ-ሬዝ» ተብሎ የተገዛ ፋይልም በዚሁ ይፈተሻል። 22 ላይ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ምንጩ ሲዲ የመሆኑ ነገር ያጠራጥራል። ያኔ ችግሩ ከሶፍትዌሩ አይደለም።

ባለ ስድስት ቻናል፣ ማለትም ከዙሪያ በስድስት ስፒከር የሚሰማ ድምፅ ለሚሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። ስድስት ቻናል በ24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ በሰከንድ 13.8 ሜጋቢት ይፈልጋል። የዲቪዲ-ኦዲዮ ጣሪያ 9.6 ነው። ስለዚህ ኤምኤልፒ የሚባለው ጥራት የማይቀንስ ማመቂያ ያስፈልጋል። የእኔ ቅጂ የለውም። ይህን ግን መጀመሪያ ላይ አይነግራችሁም። ስድስቱንም ተቀብሎ፣ ረጅም ጊዜ ሲፈጭ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ «ያልታወቀ ስህተት» ያወጣል። ቀላል የማባዛት ሂሳብ ነበር። ኤምኤልፒ ከሌላችሁ የፊት ሁለቱን በ96፣ የቀሩትን አራቱን በ48 ማድረግ ይቻላል፤ 9.2 ይሆንና ይገባል። መስፈርቱ ራሱ ቻናሎቹን ለሁለት ከፍሎ የተለያየ ጥራት መስጠት ይፈቅዳል። ፕሮግራሙም ይህን ይችላል፤ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው፣ ምርጫው የተደበቀበት ቦታ ቢያናድድም።

በትራኮች መሃል የምትሰማው «ጠቅ» ሌላ ርዕስ ነው። ሸክላ ላይ ዘፈን ከዘፈን ሲያያዝ፣ ወይም ጭብጨባ ሳይቋረጥ ሲያልፍ ትሰማላችሁ። የፊልም ዲቪዲ ድምፅ ሰከንዱ ለ600 ተከፍሎ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚታሸገው። 96 ኪሎኸርዝ ላይ አንዱ ቁራጭ 160 ናሙና ይይዛል። ትራኩ በዚያ ልክ ካላለቀ ፕሮግራሙ የጎደለውን በዜሮ ይሞላል። ድምፁ በመሃል ወደ ዜሮ ሲወድቅ ጠቅ ይላል። ብልህ ፕሮግራም ከቀጣዩ ትራክ ጥቂት ናሙና ይበደራል። ይኼኛው አይበደርም። መቁረጫ ነጥቡን እኔው ለ160 በሚካፈል ናሙና ላይ አደርጋለሁ፤ አሰልቺ ነው።

ሁሉም ጥፋት የሶፍትዌሩ ነው ማለቴ አይደለም። ማጫወቻው «ዲስክ የለም» ሲል ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ይሳደባል። ዲቪዲ-ኦዲዮ ሙዚቃውን የሚያስቀምጠው «ኦዲዮ ቲኤስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። የፊልም ዲቪዲ በኮምፒውተር ስትከፍቱ ባዶ ሆኖ የምታዩት ያ ፎልደር ነው። የዲቪዲ-ኦዲዮ ምልክት የሌለው ማጫወቻ እዚያ ገብቶ አያይም። ሙዚቃው ተቀምጧል፣ እሱ «ቪዲዮ ቲኤስ»ን ነው የሚፈልገው። ዳግም ተጻፊው ዲቪዲ-አርደብልዩም ለሙከራ ይመቻል እንጂ ብርሃን የሚያንጸባርቀው በትንሹ ስለሆነ አንዳንድ ማጫወቻ አያነበውም።

ሌላው የማጫወቻው ሴቲንግ ነው። ብዙዎቹ በዲጂታል መውጫቸው 96ን ወደ 48 የሚያወርድ ምርጫ አላቸው፣ ከፋብሪካም በርቶ ነው የሚመጣው። ዲስኩ ትክክል፣ ማጫወቻው ትክክል፣ ማጉያው ግን 48 እያሳየ ይቀመጣል። ምንም ከማድረጋችሁ በፊት እሱን አጥፉት።

እኔ አሁን የምሠራው ከፕሮግራሙ ላይ የመጨረሻውን ደረጃ ነጥቄ ነው። ዲስክ እንዲጽፍ አላደርገውም። የዲስኩን ኢሜጅ፣ ማለትም የዲስኩን ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል ብቻ እንዲያወጣ አዘዋለሁ። ኢሜጁን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ፉባር2000 በሚባል የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም እሰማዋለሁ፤ ለዲቪዲ-ኦዲዮ የተሠራ ተጨማሪ አለው። እዚያ ሽሽሽ ካለ ጥፋቱ ፋይሉ ወይም ፕሮግራሙ ነው፣ ባዶ ዲስክም አልባከነም። እዚያ ደህና ሆኖ ማጫወቻው ላይ ከተበላሸ ጥፋቱ ዲስኩ ወይም ማጫወቻው ነው። ኢሜጁ ደህና ከሆነ ኢምግበርን በሚባል የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጌ እጽፋለሁ። ኢምግበርን ነፃ ነው፣ ጽፎ ሲጨርስ መልሶ አንብቦ ያመሳክራል። ስህተት ሲኖር ደግሞ የት እንደሆነ ይናገራል። አንድ ነፃ ፕሮግራም ይህን ያህል ሲናገር ገንዘብ የሚከፈልበት ዝም ማለቱ ያሳፍራል።

ታዲያ ይገዛ? እንደ ሰው ነው። የዲቪዲ-ኦዲዮ ማጫወቻ ከሌላችሁ አትክፈሉ። ያዙልኝ ያልኳችሁ የፊልም ዲቪዲው መንገድ ይበቃችኋል። ኤልፕሌክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዌቭንና ፍላክን (ጥራቱ ሳይቀንስ የታመቀ የድምፅ ፋይል) ተቀብሎ ያልታመቀ ድምፅ ያለበት ዲቪዲ ይሠራል፤ 96 ኪሎኸርዝም ይችላል። ማጫወቻው ካላችሁና ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ካላስፈራችሁ ዲቪዲኤ-ኦተር አለ። እሱም ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። መልኩ አይስብም፣ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ስክሪኑ ላይ እየጻፈ ይሄዳል፤ የቆመበትን መስመር ማየት ትችላላችሁ። በመዳፊት ብቻ መሥራት የሚፈልግ፣ ሜኑና ሥዕል የሚያምረው፣ ባለ ስድስት ቻናል ቅጂ ያለው ሰው ግን የሚከፈልበት ያስፈልገዋል። እኔም ለዚያ ለዚያ አሁንም እጠቀምበታለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሙከራ ቅጂ ካለ አውርዱና ሦስት ፋይል ስጡት። አንዱ ስሙ በአማርኛ የተጻፈ ይሁን። አንዱ ባለ 88.2 ኪሎኸርዝ ይሁን። ሦስተኛው በቀጥታ ከእጅ መቅጃ የወጣ፣ ያልተነካ ባለ 24 ቢት ዌቭ ይሁን። ቢያጉረመርምም ምክንያቱን ከነገራችሁ ግዙት። ሦስቱንም ዝም ብሎ ተቀብሎ «ተጠናቋል» ካላችሁ ደግሞ ከኢሜጁ ያወጣችሁትን ድምፅ በስፔክ ሳታዩ የባንክ ካርዳችሁን አታውጡ።